ሁለት ፋጡማዎች



እኔ የሶፊ ልጅ ነኝ። እኛ ሰፈር “ፋጡማ!” ብላችሁ ብትጣሩ ከአንድ በላይ እናት “አቤት” ይላሉ። ይህን እያወቅሁ፣ በምሠራበት የጨረር ሕክምና ክፍል ለስም ጥሪ ስሕተት ዝቅተኛ ነጥብ ሰጥቼ ነበር።

የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ዘዴ፣ እያንዳንዱ ስሕተት በሦስት ጥያቄ ከ1 እስከ 10 ይመዘናል፦ ስንት ጊዜ ይደርሳል? ምን ያህል ይጎዳል? ሳይታይ የማለፍ ዕድሉስ? ሦስቱ ነጥቦች ይባዛሉ። እኛ ፊዚሲስቶች ብቻችንን ተቀምጠን ትልቁን ቁጥር ለማሽን ብልሽት ሰጠን።

አንድ ቀን “ፋጡማ!” ሲባል ሌላዋ እናት ተነሡ። ከሩቅ የመጣ ታካሚ ተራው እንዳያልፈው ይፈራላ! አልጋው ላይ ከወጡ በኋላ ተራ አስጠባቂዋ ሮጣ ገባች፤ “እኚህ እኮ የጡት ታካሚ ናቸው፤ የማሕፀኗ ውጭ ናቸው!” አለች። ማሽኑ ምንም አልሆነም፤ ትክክለኛውን ጨረር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነበር።

“ሪፖርት የለም” ማለት “አደጋ የለም” ማለት አይደለም። ዛሬ ነጥብ ስንሰጥ ተራ አስጠባቂዋም አብራን ትቀመጣለች። ታካሚው ስሙን ከነአባቱ፣ የእናቱን ስምና ቀበሌውን ራሱ ይናገራል፤ ፎቶውም ከፋይሉ ጋር ይመሳከራል።

መምህራኖቻችን፣ ቀመሩን አስተምራችሁናል፤ እናመሰግናለን። ለተተኪዎቻችን ደግሞ ጠረጴዛው ዙሪያ ማን መቀመጥ እንዳለበትም አስተምሩልን።