አሮጌውን ጨዋታ እንደ ገና መሥራት

(የሳይንስ ክበብ አባሎች በትምህርት ቤቱ በዓል ቀን ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆመን የምንናገረው ስለ አንድ ጨዋታ ነው። ምናልባት «በእንዲህ ያለ የክብር ቀን ስለ ጨዋታ መናገር ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ማናቸውም ሥራ ቢሆን ምክንያቱን መርምረው ካዩት ትምህርት አይታጣበትም።

የጨዋታው ስም «ስፔስ ኢንቬደርስ» ነው፤ ይኸውም «የጠፈር ወራሪዎች» ማለት ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. በጃፓን አገር፣ ታይቶ በሚባለው ኩባንያ፣ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የተባለ ሰው ሠራው። በ5 ረድፍ የተሰለፉ 55 ወራሪዎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተመላለሱ ወደ ምድር ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹም ከታች ሆኖ በአንድ መድፍ ይተኩስባቸዋል። እኛም ይህንኑ ጨዋታ፣ ኒንቴንዶ በ1989 ላወጣው በእጅ ለሚያዘው ጌም ቦይ እንደ ገና ለመሥራት ተነሣን። ታይቶ ራሱ በ1990 ለዚሁ መሣሪያ አዘጋጅቶታል፤ የእኛ አሳብ ግን ሠርቶ መማር ነበር።

የመጀመሪያው ችግር የቦታ ጥበት ነው። የቀድሞው ጨዋታ መስኮት ወርዱ 224፣ ቁመቱ 256 ነጥብ ነበር፤ የጌም ቦይ ግን ወርዱ 160፣ ቁመቱ 144 ነጥብ ብቻ ነው። በአንድ ረድፍ 11 ወራሪዎች አሉ፤ ለእያንዳንዱ 16 ነጥብ ቦታ ተሰጥቶት ስለ ነበር ድምሩ 176 ይሆናል፤ ይህም ከመስኮቱ ይተርፋል። ስለዚህ ሥዕሉን አጥብበን ለእያንዳንዱ 12 ነጥብ ብንሰጠው 132 ሆነ፤ ለመመላለሻም 28 ነጥብ ተረፈ። ቀድሞ 8 ነጥብ የነበረውንም የመውረጃ እርምጃ 4 አደረግነው።

ሁለተኛው ችግር የቁጥር ነው። ጌም ቦይ በየራሳቸው የሚንቀሳቀሱትን ትንንሽ ሥዕሎች በአንድ አግድም መሥመር ላይ ከ10 በላይ ሊያሳይ አይችልም፤ ረድፉ ግን 11 ነው። ከሠራዊቱ አንድ ወታደር እንዳይጎድል፣ ወራሪዎቹን ሁሉ በጀርባው ሥዕል ላይ ሣልናቸው፤ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱት መድፉና ጥይቶቹ ሆኑ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሦስተኛው ነው። ወራሪዎቹ ቁጥራቸው ባነሰ መጠን ፍጥነታቸው ይጨምራል፤ የመጨረሻው ብቻውን ሲቀርማ እርሱን መምታት እጅግ ያስቸግራል። ይህ ከምን መጣ? የ1978ቱ መሣሪያ ሥዕሉን በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲያድስ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ የሚያንቀሳቅሰው አንድ ወራሪ ብቻ ነበር። ስለዚህ 55ቱን አንድ እርምጃ ለማራመድ አንድ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ 10 ሲቀሩ በሴኮንድ 6 እርምጃ፣ 1 ሲቀር 60 እርምጃ ይሆናል። እንግዲህ ፍጥነቱ የመጣው ከመሣሪያው አቅም ማነስ ነው እንጂ አስቀድሞ ታስቦ አይደለም። ኒሺካዶ ግን ጨዋታውን እንደሚያጣፍጠው ባየ ጊዜ እንዳለ ተወው።

ጌም ቦይ ደግሞ የጀርባውን ሥዕል አንድ ቁጥር በመለወጥ ብቻ በሙሉ ሊገፋው ይችላል፤ ወራሪዎቹ 55 ቢሆኑም 1 ቢሆንም ለእርሱ ድካሙ እኩል ነው። ስለዚህ ሥዕሉንና ድምፁን ብቻ የገለበጠ ሰው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ፍጥነት የሚሄድ ሠራዊት ያገኛል። መልኩ የቀድሞው ነው፤ ጭንቀቱና ደስታው ግን የለም። እኛም የቀሩትን ወራሪዎች እየቆጠረ እርምጃቸውን የሚያፋጥን ትእዛዝ በፕሮግራሙ ውስጥ ጻፍን። ቀድሞ እጥረት በአጋጣሚ የሠራውን አሁን በእውቀት ሠራነው ማለት ነው።

ከዚህ የምንማረው ይህ ነው፤ አሮጌውን ነገር ወደ አዲስ ዕቃ የሚያሻግር ሰው፣ የቱ ልብሱ የቱ ነፍሱ እንደ ሆነ አስቀድሞ መለየት አለበት። ወርዱን ብናጠብ ጨዋታው አልሞተም፤ ፍጥነቱን ብንተው ግን በሞተ ነበር። ይህንንም ዓይን ብቻውን አይለየውም፤ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፤ ጨዋታ ስትጫወቱ ሠሪውንም አስቡ። ክቡራን ወላጆችም ልጃችሁን በጨዋታ ላይ ባገኛችሁት ጊዜ «ተው» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት ነው የሚሠራው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ካላወቀ ሊፈልገው ይነሣ ይሆናል፤ የትምህርትም መጀመሪያ ይኸው ነው።