ከትራክተር ወደ መውቂያ ኃይል የሚያደርሰውን ዘንግ ስለ መለወጥ

(በአምደወርቅ ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ብረት ነው። ይኸውም ከትራክተር ኋላ ወጥቶ የእህል መውቂያውን የሚያሽከረክረው ዘንግ ነው። ይህ ዘንግ የተሰበረ እንደሆነ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ከተለወጠም በኋላ ሰው እንዳይጎዳ ምን መደረግ እንዳለበት በአጭሩ ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ።

ነገሩ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። በሬ ኃይሉን ለቀንበር ይሰጣል፤ ቀንበር በምራን ለሞፈር፣ ሞፈርም ለማረሻ ያደርሰዋል። ሞፈር ከተሰበረ በሬዎቹ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆኑ እርሻው ይቆማል። የትራክተሩም ዘንግ የሞተሩን ኃይል ወደ መውቂያው የሚያደርስ ሞፈር ነው። በረዶ መንገድ በሚዘጋበት አገርም ይኸው ዓይነት ዘንግ የበረዶ መጥረጊያውን መሣሪያ ያሽከረክራል። ልዩነቱ፣ ሞፈር እየተሳበ ይሄዳል፤ ዘንግ ግን እየተሽከረከረ ይሠራል። አደጋውም ያለው በዚህ መሽከርከር ላይ ነው።

በደሃና ተዳፋት ማሳ ላይ ኮምባይነር እንደ አርሲና እንደ ባሌ ሜዳ ሊመላለስ አይችልም። በትራክተር የሚጎተት መውቂያ ግን መንገድ ዳር ወዳለ አውድማ ሊደርስ ይችላል፤ ነዶውም ወደ እርሱ ይመጣለታል። ስለዚህ ስለ ዘንጉ ማወቅ የባለ ትራክተሩ ሥራ ብቻ ነው ማለት አይገባም። በመውቂያው ዙሪያ ነዶ የሚያቀብለውና ገለባ የሚያነሣው ገበሬው ራሱ ነውና።

አደጋው ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር እንመልከተው። ብዙውን ጊዜ ይህ ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፤ በሴኮንድ 9 ጊዜ ማለት ነው። ውፍረቱ 7 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዘንግ አንድ ጊዜ ሲዞር 22 ሳንቲ ሜትር ያህል ጨርቅ ይጠቀልላል፤ በአንድ ሴኮንድም ወደ 2 ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ የጋቢ ጫፍ ወይም መቀነት የያዘ እንደሆነ ሰውየው «ያዘኝ» ብሎ ለመጮኽ እንኳ ጊዜ አያገኝም።

አሁን ወደ ሥራው እንለፍ።

1ኛ፤ ማቆም። የኃይል ማውጫውን ማርሽ ማላቀቅ፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ ቁልፉንም ነቅሎ ዘንጉን የሚፈታው ሰው በኪሱ መያዝ ይገባዋል። የመውቂያው ከበሮ ከባድ ስለሆነ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም መዞሩን ይቀጥላል፤ ፈጽሞ እስኪቆም መጠበቅ ያስፈልጋል። አገራችን ተዳፋት ነውና የትራክተሩም የመውቂያውም ጎማ በድንጋይ ይታገድ።

2ኛ፤ የተሰበረበትን ምክንያት መፈለግ። ከበሮውን በእጅ ለማዞር ሞክሩ። እምቢ ካለ ገለባ ተጠቅጥቆበታል፣ ድንጋይ ገብቶበታል፣ ወይም ኩሽኔታው ተበላሽቷል። ክሮቼራው ግራሶ አጥቶ ደርቆ እንደሆነም እዩ። ትራክተሩ ከመውቂያው ጋር ቀጥ ብሎ ሳይሆን ጠሞ ቆሞ ከነበረ ዘንጉ ይጎዳል። ምክንያቱ ሳይወገድ የሚገባ አዲስ ዘንግ እንደ አሮጌው መሰበሩ አይቀርም።

3ኛ፤ አሮጌውን ማውጣትና ልኩን መያዝ። መቆለፊያውን ተጭኖ ዘንጉን መሳብ ነው። የተሰበረውን አትጣሉት። መለዋወጫ ለመግዛት ወደ ሰቆጣ ወይም ወደ ሌላ ከተማ የሚሄደው ሰው ስብራቱን ይዞ ይሂድ። በደቂቃ 540 ጊዜ የሚዞረው የትራክተር ጫፍ በተለመደው አሠራር 6 ጥርስ፣ 1000 ጊዜ የሚዞረው 21 ጥርስ አለው። ጥርሱን ሳይቆጥር የሄደ ሰው ረጅሙን መንገድ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል።

4ኛ፤ ርዝመቱን ማስተካከል። ዘንጉ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ሁለት ቱቦ ነው። ሁለቱን ለይታችሁ አንዱን በትራክተሩ፣ ሁለተኛውን በመውቂያው ላይ ግጠሙና ጎን ለጎን አስተያዩአቸው። በሥራ ጊዜ ቢያንስ የቱቦው ሢሶ ያህል አንዱ በሌላው ውስጥ መግባት አለበት። እጅግ ባጠረም ጊዜ ከመጨረሻው እንዳይደርስ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቅር። ዘንጉ ከረዘመ የትራክተሩን ኩሽኔታ እየገፋ ይሰብራል፤ ካጠረም ተላቆ ይወረወራል። መቁረጥ ያስፈለገ እንደሆነ ከሁለቱም ቱቦ፣ ከመሸፈኛቸውም እኩል በብረት መጋዝ ይቆረጣል። ከዚያ ስለቱ በሞረድ ይስተካከላል፤ ብናኙ ይጠረጋል፤ ግራሶም ይቀባል።

5ኛ፤ መግጠም። በመካከል ያሉት የሁለቱ ክሮቼራዎች ሹካዎች በአንድ አቅጣጫ መቆም አለባቸው፤ አለዚያ ዘንጉ ይንቀጠቀጣል። መቆለፊያው «ቀጭ» ካለ በኋላ መያዙን ለማወቅ ዘንጉን ወደ ኋላ ሳቡት።

6ኛ፤ መሸፈኛውን መመለስ። ሥራው ተፈጸመ የሚባለው መሸፈኛው ሲገባ ነው እንጂ ዘንጉ ሲገጠም አይደለም። መሸፈኛው ከዘንጉ ጋር እንዳይዞር የሁለቱም ጫፍ ሰንሰለት ከማይንቀሳቀስ ብረት ጋር ይታሰር። የተሰነጠቀ መሸፈኛም እንደሌለ ይቆጠራል።

7ኛ፤ መሞከር። መጀመሪያ ያለ እህል፣ በዝግታ አስዞራችሁ ተመልከቱ። ከዚያ አቁማችሁ ቡሎኖቹንና መቆለፊያውን መርምሩ።

ስለ ቡሎን አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዱ ዘንግ ጭነት ሲበዛ አስቀድሞ የሚቆረጥ ቡሎን አለው። በተቆረጠው ምትክ ፌሮ ወይም ከልኩ የጠነከረ ቡሎን ማስገባት ብልሃት ይመስላል፤ ነገር ግን ጥፋት ነው። ርካሹ ቡሎን የሚሰበረው ውዱ ዘንግና ከበሮው እንዲተርፉ ነው።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ መውቂያ ወደ ቀበሌያችሁ ሲመጣ አስቀድማችሁ የምትመለከቱት የዘንጉን መሸፈኛ ይሁን። ባለ ትራክተሩ «ግራሶ ለመቀባት ያስቸግራል» ብሎ አውልቆት ይሆናል። ገበሬውም ክምሩ ዝናብ እንዳይመታው ስለሚቸኩል ዝም ይላል። በዚህ ጊዜ «መሸፈኛ ሳይኖር አይወቃም» ብሎ መናገር የእናንተ ድርሻ ነው።

ገበሬዎችም በበኩላችሁ ጋቢውን፣ ኩታውንና ነጠላውን ከአውድማው ርቆ አስቀምጡ። ልጆች እንዳይጠጉ አድርጉ። የሚዞረውን ዘንግ ማንም አይሻገረው። ሞተሩን ማጥፋት የሚያውቅ አንድ ሰውም ዘወትር በአጠገቡ ይቁም።

መሸፈኛው እስኪገኝ መኪናው ቢቆም የሚባክነው አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው። በሬ ባለበት አገር ደግሞ አውድማ ሥራ አይፈታም፤ እህሉ እንደ ቀድሞው በበሬ ሊወቃ ይችላል። የተሰበረ ዘንግ በገንዘብ ይተካል፤ በዘንግ የተያዘ ሰው ግን ምትክ የለውም።