ኦዲተሩ ይጮኻል፤ ሚኒስቴሩ ይተኛል!

(በአንድ የውይይት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)



ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሕጉ ልነሳ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 101፣ ዋና ኦዲተር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሂሳብ መርምሮ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ያቅርብ ይላል። ቀርቧልም። አቶ ገመቹ ዱቢሶ ዋና ኦዲተር በነበሩበት ዘመን ሪፖርቱ ሲነበብ ስንቱ "ጉድ!" ብሏል። እሳቸውን የተኩት ወይዘሮ መሠረት ዳምጤም ያንኑ ጉድ ቆመው አንብበዋል። ታዲያ ምን ተፈጠረ? ያው ግኝት በዓመቱ ተመልሶ መጣ!

"ተሰብሳቢ ሂሳብ" የምትለዋን ቃል ሁላችሁም ሰምታችኋል። ምን ማለት ነች? መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኛ ወይም ለተቋራጭ ገንዘብ አስቀድሞ ይሰጣል። ተቀባዩ ደረሰኝ አምጥቶ ማወራረድ አለበት። ካላወራረደ ሂሳቡ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ኦዲተሩ "ይወራረድ" ብሎ ይጽፋል። ኃላፊው "አስተያየቱን ተቀብለናል" ብሎ ይፈርማል። በቃ! ዓመታት አልፈው ሲጠየቅ ሂሳብ ሹሙ ተዛውሯል፤ ተበዳሪው ከአገር ወጥቷል ወይ ሞቷል፤ ፋይሉም የለም። መጨረሻው "ከመዝገብ ይሰረዝልን" የሚል ደብዳቤ ነው። ገንዘቡ እኮ የናንተ ነው! ከደመወዛችሁ የተቆረጠ፣ ሳሙና ስትገዙ የከፈላችሁት ታክስ ነው።

ሁሉም ሌባ ነው አላልኩም። ብዙው ዝርክርክነት ነው። ግን ሌባውም የሚደበቀው እዚያው ዝርክርክነት ውስጥ ነው።

ኦዲተሩ ሹም አያባርርም፣ በጀትም አይቆርጥም። ጥርሱ ያለው ምክር ቤቱ ጋ ነው። የምክር ቤቱ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ከ2014 ጀምሮ የተመራው በተቃዋሚው የምክር ቤት አባል በአቶ ክርስቲያን ታደለ ነበር። ይህ በጎ ጅምር ነበር። በ2015 ክረምት ሰብሳቢው ታሰሩ። ምክንያቱ ኦዲት ነው አልልም። ግን ጠያቂው ራሱ ዋስትና ካጣ ማን ደፍሮ ሚኒስትር ይጠይቃል?

እንግሊዞች ይህን የሚመስል ኮሚቴ ካቋቋሙ ከ1861 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። ሰብሳቢው በልማድ ከተቃዋሚው ወገን ይሆናል። መንግሥትም ለእያንዳንዱ የኮሚቴው ምክር በጽሑፍ ይመልሳል፦ ተቀብያለሁ ወይስ አልተቀበልኩም? ከተቀበልኩስ መቼ እፈጽማለሁ? መልሱ ለሕዝብ ይታተማል። እዚያም ገንዘብ ይባክናል፤ ግን "ተቀብለናል" ብሎ መተኛት ይከብዳል።

እኛስ ምን ይሳነናል? አንደኛ፣ እያንዳንዱ ምክር ፈጻሚ ባለሥልጣንና የመጨረሻ ቀን ይኑረው። "መሥሪያ ቤቱ" ሲባል ማንም አይደለም፤ ስም ይጻፍ! ሹሙ ሲዛወርም ያልፈጸመውን በጽሑፍ ያስረክብ። ሁለተኛ፣ ኦዲተሩ አዲስ ግኝት ከማንበቡ በፊት ያልተፈጸመውን የአምና ዝርዝር ያንብብ። ሦስተኛ፣ አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ከመጀመሩ በፊት፣ በጀቱ ሲጸድቅ ያ ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። አምና የወሰደውን ያላወራረደ ዘንድሮ ጭማሪ ሲጠይቅ እጅ አይውጣለት!

ወገኖቼ፣ ሪፖርት በተነበበ ቁጥር "ጉድ!" ብሎ ወደ ቤት መግባት ይብቃን። በየዓመቱ አንዲት ጥያቄ ብቻ እንጠይቅ፦ የአምናውስ የት ደረሰ?