ጎግል ላይ «አንደኛ» መውጣት በገንዘብ ይገዛል ወይ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ሪፖርቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ የጠየቅነው በአጀንዳው ሦስተኛ ተራ ላይ ስላለው ጉዳይ ነው። አንድ ድርጅት ሽሯችንን፣ በርበሬያችንንና ቅቤያችንን «ጎግል ላይ አንደኛ አወጣላችኋለሁ» ብሎ ፕሮፎርማ አስገብቷል። የጠየቀው ክፍያ ለሁለት አባላት የምናበድረውን ያህል ነው። ብሩ ከመውጣቱ በፊት ምን እንደምንገዛ ማወቅ ይገባናል ብለን ነገሩን አጥንተናል።

ብዙዎቻችን ጎግል ላይ አንድ ቃል ስንጽፍ በዚያች ቅጽበት ዓለምን ዞሮ የሚያመጣልን ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም፤ ሥራውን ቀድሞ ጨርሶ ነው የሚጠብቀን። ቀንና ሌሊት ድረ ገጽ የሚያነቡ ፕሮግራሞች አሉት። ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው የሚሄዱት ሊንክ እየተከተሉ ነው። ያነበቡት ሁሉ፣ የትኛው ቃል የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ፣ በአንድ ትልቅ ማውጫ ይመዘገባል። አንዲት አባል ቁጠባዋን ስትጠይቀን የዓመቱን ቫውቸር ሁሉ አናገላብጥም፤ በስሟ የተከፈተውን ሌጀር ነው የምናወጣው። ጎግልም የሚያወጣው ሌጀሩን ነው። ሌጀሩ ላይ ያልሰፈረ ነገር ለእሱ የለም።

የእኛ ዕቃ ታዲያ የት ነው የሰፈረው? በቴሌግራም የግል ግሩፓችን ውስጥ። እዚያ የጎግል አንባቢ አይገባም። ዋጋውንም አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ፎቶው ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለች አንዲት እህት «የአምቦ ቅቤ» ብላ ብትፈልግና ባታገኘን፣ ጎግል ንቆን አይደለም፤ ስለ እኛ የሚያነበው አንድ መስመር እንኳ ስላላገኘ ነው።

ቃሉ ያለበት ብዙ ገጽ ሲገኝስ ማን ይቀድማል? የመጀመሪያዎቹ መፈለጊያዎች በአብዛኛው ቃሉ ገጹ ላይ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ይቆጥሩ ነበር። ይህን የነቁበት ሰዎች አንዱን ቃል መቶ ጊዜ እየደጋገሙ መጻፍ ጀመሩ። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን የተባሉ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 ጎግልን ሲመሠርቱ ሌላ ዘዴ ይዘው መጡ። ዘዴው እኛ ከምናውቀው ዋስትና ብዙም አይርቅም። አንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ሊንክ ሲያደርግ ዋስ እንደሆነለት ይቆጠራል። ዋስ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ብድር ስንሰጥ ብዙ ሰው የሚመሰክርላት እህት የፈረመችውን ዋስትና አስበልጠን እንደምናይ፣ ጎግልም ራሱ ብዙ ዋስ ያለው ገጽ የሚሰጠውን ምስክርነት አብልጦ ይመዝናል። ዛሬ ከዚህ ሌላ ብዙ ነገር ይታያል፦ ጽሑፉ ለጥያቄው መልስ መሆኑ፣ ቋንቋው፣ ፈላጊዋ ያለችበት ቦታ፣ ገጹ በስልክ ላይ በደንብ መከፈቱ። የዋስትናው ነገር ግን አልቀረም።

«አምቦ» የሚለውን ቃል ራሱን እንውሰድ። ከተማ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ውኃ ነው። በፔሩም አምቦ የሚባል አውራጃ አለ። ማሽኑ የቱን እንደፈለግን መገመት አለበት። ውኃው በፈረንጆች ከ1930 ጀምሮ ሲታሸግ የኖረ፣ ስለ እሱ ብዙ የተጻፈ ነው። በስሙ ከውኃው ጋር ተሻምተን አናሸንፍም! «አምቦ ከተማ፣ በሴቶች ማኅበር የተዘጋጀ በርበሬ» ብለን ብንጽፍ ግን የሚሻማን ጥቂት ነው።

ፊደላችንም ሥራ ይጨምርብናል። ማኅበር የሚለው ቃል በማኅተማችን ላይ በ«ኅ» ተቀርጿል፣ በባንክ ደብተራችን ላይ በ«ህ» ተጽፏል፣ ጊንጪ ሱቅ በር ላይ ያለው ታፔላ ደግሞ በ«ሕ» ይለዋል። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» በሚል የተጻፈች አንዲት አባል እንደ ሁለት ሰው እንዳትቆጠር በየወሩ እንደምንጠነቀቅ ታውቃላችሁ። በቁቤ ሲጻፍ የአምቦ የመጨረሻው ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ በእንግሊዝኛ ግን አንዴ ብቻ ነው። ዋሽንግተን ያለች እህታችን በላቲን ፊደል ትፈልጋለች፣ ልጇ በእንግሊዝኛ፣ ጌዶ ያለው ነጋዴ በኦሮምኛ። ማሽኑ አንድ መሆናቸውን ሊገምት ይችላል፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካለትም። የጎግል መተርጎሚያ አማርኛን የጨመረው በ2016፣ ኦሮምኛን ደግሞ በ2022 ነው። በሁለቱም ቋንቋ ያለው ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ለእኛ ጉዳት ብቻ አይደለም፤ ሰልፉ አጭር በሆነበት ቦታ ፊት መቆም ይቀላል።

ወደ ፕሮፎርማው እንመለስ። ጎግል ራሱ በግልጽ እንዳሳወቀው፣ አንደኛ ደረጃን ማንም ዋስትና ሰጥቶ ሊሸጥ አይችልም። ጎግልም ደረጃ ለማስቀደም ገንዘብ አይቀበልም። የሚሸጠው ማስታወቂያ ነው፤ እሱም ማስታወቂያ መሆኑ ተጽፎበት ይወጣል፣ ክፍያው ሲያልቅ ይወርዳል። አንዳንዶች ከማይታወቁ ገጾች ብዙ ሊንክ ገዝተው ይሰጣሉ። ይህ የሐሰት ዋስ መግዛት ነው፤ ጎግል ሲደርስበት ዋስትናውን ይሰርዘዋል፣ ገጹንም ወደ ታች ሊያወርደው ወይም ከነአካቴው ሊያወጣው ይችላል። ቀሪው ወጪ ደግሞ ለእኛ ይሆናል። ስለዚህ የሒሳብ ክፍሉ ሐሳብ ክፍያው እንዳይፈቀድ ነው።

ባለፈው ወር አንዲት እናታችን «ለመሆኑ ይሄ ጎግል ገበያ ይወጣል ወይ?» ብለው አስቀውን ነበር። ይወጣል፤ በካርታው ነው የሚወጣው። ሱቅን በጎግል ካርታ ላይ ማስመዝገብ በነጻ ነው። እዚያ ቅደም ተከተሉን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ዕቃው ከተፈለገው ጋር መግጠሙ፣ ርቀቱና ታዋቂነቱ። ርቀት ለአምቦና ለጊንጪ ሱቆቻችን ያደላል። የሥራ ሰዓት፣ የዕቃ ዝርዝርና ፎቶ ማስገባት ለአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ ነው። የምናስገባው ስልክ ግን የማኅበሩ ብቻ ይሁን። የማንኛዋም እህት የግል ቁጥርና የቤት አድራሻ እንዳይገባ፤ አንዴ ከወጣ በኋላ ማን እንደሚደውል አይታወቅም።

ከዚያ አንድ ገጽ እንጽፋለን፤ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ዋጋው ፎቶ ላይ ሳይሆን በጽሑፍ። ደጋፊዎቻችን ደግሞ ድረ ገጽ ያላችሁ ስለ ሥራችን ስትጽፉ ስማችን ላይ ወደ ገጻችን የሚወስድ ሊንክ አድርጉልን። ከእናንተ የሚመጣ አንድ ሊንክ ድርጅቱ ሊሸጥልን ካሰበው ሁሉ ይበልጣል፤ የምታውቁንና ሒሳባችንን ያያችሁ ናችሁና።

ድምፅ ከተሰጠ በኋላ የጊንጪ እህቶች ትንሽ ቆዩልን። ታፔላው ላይ ያለው ስም በየትኛው «ሐ» እንደሚጻፍ ወስነን፣ ከነገ ወዲያ የሱቁን ፎቶ እናነሣለን።