ከጀናዛው በፊት

ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው፤ ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! ነቀምቴ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ የኖሩ፣ የሰፈሩ ልጆች «አኮ» እያሉ የሚጠሯቸው አንዲት እናት በቅርቡ ወደ አኼራ ሄደዋል። ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጆቻቸውም ለእንጀራ ብለው ርቀው ነው የሚኖሩት። በጀናዛቸው ቀን ከጊምቢና ከአርጆ ሳይቀር ሰው መጣ። የእድሩ ድንኳን ሞልቶ ሰው መንገድ ላይ ቆመ። አምስቱ የከፈን ጨርቅም ሰዓት ሳይሞላ ተገዝቶ ቀረበ።

ገላቸውን ለማጠብ የገቡት እናቶች ግን አልጋቸውን ቤቱ መሐል አገኙት። ጣሪያው ስለሚያፈስ ከግድግዳው እያራቁት ክረምቱን እንዲያ አሳልፈዋል። የወለጋን ዝናብ ለምናውቅ ይህ ማብራሪያ አያሻውም። ሁለት ቆርቆሮ ይበቃ ነበር። ድንኳን ሊተክሉ የመጡት ወጣቶች በአንድ ከሰዓት በጨረሱት ነበር። ቤታቸው ከመስጂዱ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። እኛም፣ ኢማም የተባልነው፣ ከረመዳን ወዲህ ያን በር አላንኳኳንም። አላህ ይማረን።

ወገኖቻችን! ይህን ስናስብ የምትታወሰን ከሐበሻ ምድር የተገኘችው ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) ናት። ስሟ በረካ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው አሚና አብዋእ በተባለ ቦታ ሲሞቱ፣ ይዛቸው ወደ መካ የተመለሰችው እርሷ ናት። የመጀመሪያ ባሏ ዑበይድ ሞተ፤ ኋላም ዘይድ ኢብን ሓሪሣን አገባች። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ዘይድ በሙእታ ዘመቻ ተሰዋ፤ በዚያው ዓመት ልጇ አይመን በሑነይን ወደቀ። ባልና ልጅ በአንድ ዓመት!

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤቷ እየሄዱ ይጠይቋት ነበር። እርሳቸው ካለፉ በኋላስ? ሶሒሕ ሙስሊም እንደዘገበው አቡበክር፣ ረሱል ይዘይሯት እንደነበረው ሊዘይራት ዑመርን ይዞ ሄደ። የኡማው ኸሊፋ ሆኖ ሳለ ጊዜ የለኝም አላለም። ሲደርሱ አለቀሰች። አላህ ዘንድ ያለው ለነብዩ እንደሚሻል ነገሯት። እርሷም ይህን እንደምታውቅ፣ የሚያስለቅሳት የወሕይ ከሰማይ መቋረጥ እንደሆነ መለሰችላቸው። ሁለቱም አብረዋት አለቀሱ። ሊያጽናኑ ሄደው ተምረው ተመለሱ። የሞተችው ከነብዩ አምስት ወር በኋላ ነው የሚል ዘገባ አለ፤ በዑስማን ኸሊፋነት መጀመሪያ ነው ያሉም አሉ። የትኛውም ይሁን፣ ደጇ ተረስቶ አልሞተችም።

ስለዚህ በነቀምቴም፣ በጊምቢም፣ በደምቢ ዶሎም ያላችሁ ጀመዓዎች፣ በየሰፈራችሁ ባል የሞተባቸውን እናቶች ቁጠሩ። ከጁምዓ በኋላ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ቡናቸውን ጠጡ፤ ቀና ብላችሁም ጣሪያውን እዩ። መድኃኒት አልቆ እንደሆነ፣ ማገዶ ጠፍቶ እንደሆነ ጠይቁ። ሙስሊም ያልሆነችም ጎረቤት ጎረቤት ናትና ሐቋ አይረሳ። ርቃችሁ ያላችሁ ልጆችም ብር ስትልኩ ድምፃችሁን አትንፈጉ። እኛ ባለፈው ጁምዓ ጀምረናል፤ ዘግይተናል፣ ግን ጀምረናል።

አላህ አኮን በጀነት ያኑራቸው፤ ላጎደልነው ይማረን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።