በኬሚካል ለተጎዳ ዓይን፦ አስቀድሞ ውሃ፣ ቀጥሎ ሕክምና



ፅንሱን ከነእንሽርት ውሃው የሚያቅፈው ስስ ሽፋን ከወሊድ በኋላ ከእንግዴ ልጁ ጋር ይወገዳል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1946 ሶርስቢና ሲመንስ የተባሉ ሐኪሞች በኬሚካል የተቃጠለ ዓይንን በዚሁ ሽፋን ማከማቸውን በእንግሊዝ አገር ጽፈዋል። ዛሬ ሽፋኑ በቀዶ ሕክምና ከምትወልድ ፈቃደኛ እናት፣ ከኤች አይ ቪ፣ ከጉበት ቫይረስና ከቂጥኝ ነጻ መሆኗ ተመርምሮ ይወሰዳል። በዓይን ገጽ ላይ ሲለበጥ ብግነትን ያበርዳል፤ ሕመምን ያስታግሳል፤ ለአዳዲስ ሕዋሳትም ማደጊያ ይሆናል።

ሆኖም የጠፋውን ሁሉ አይመልስም። ኖራና ሲሚንቶ የዓይንን ሕብረ ሕዋስ እያሟሙ ፈጥነው ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ፤ የዓይኑንም ዕጣ በአብዛኛው የሚወስኑት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው። ስለዚህ ሲሚንቶ በምናቦካበትና በረኪና በምንቀዳበት ስፍራ ሁሉ ንጹሕ ውሃ እናቅርብ። አደጋ ሲደርስ ሐኪም እስኪገኝ ሳንጠብቅ፣ የዓይኑን ቆብ ገልጠን ቢያንስ ለ30 ደቂቃ በብዙ ውሃ እንጠበው፤ ቅባትም ሆነ ቅጠል አንጨምርበት። ከዚያም ሳንዘገይ ወደ ዓይን ሐኪም እናድርሰው።

የሐኪሙ ጥበብ የሚጀምረው እኛ በውሃ ካተረፍነው ላይ ነውና።