በቤት ውስጥ የተቀረጸ ድምፅ
(ሰበታ ላይ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የሙዚቃ ክበባችሁ አባሎች ባለፈው ሰሞን መጥተው፣ «ዘፈን ለመቅረጽ ስቱዲዮ የለንም፤ ስለዚህ ምንም አልሠራንም» ሲሉ ሰምቼአለሁ። ንግግሬም ለእነርሱ መልስ እንዲሆን ስለ አንድ ሸክላ ላወራችሁ መርጫለሁ።

ሸክላው የእመሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነው። እመሆይ በ1923 (ዓመቶቹን የምጠራው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በልጅነታቸው ወደ ስዊስ አገር ተልከው ቫዮሊን ተማሩ፤ በጠላት ወረራ ዘመን ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ ጣሊያን አገር ተግዘው ነበር፤ ከነጻነት በኋላም በካይሮ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ሙዚቃውን ትተው መነኮሱና አሥር ዓመት ያህል በግሸን ማርያም በባዶ እግራቸው ኖሩ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 በጀርመን አገር ሲወጣ ገቢው ለችግረኞች መርጃ እንዲሆን ነበር። በዚህና በመሳሰሉት ሥራዎች ብዙ ዘመን ያወቅናቸው በፒያኖ ብቻ ነው።

እርሳቸው በመጋቢት 2023 በኢየሩሳሌም ካረፉ በኋላ፣ በ2024 «ሱቬኒርስ» የሚባል አልበም ወጣ። ትርጉሙ ማስታወሻዎች ማለት ነው። በውስጡ እመሆይ ፒያኖ እየመቱ በአማርኛ ያዜማሉ። ዜማዎቹን ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት አዲስ አበባ በሚገኘው የቤተ ሰባቸው ቤት፣ በተራ ካሴት መቅረጫ ቴፕ ራሳቸው የቀረጹአቸው ናቸው። መሐንዲስ የለም፤ አጃቢ ባንድም የለም።

ቅጂው ጥሩ ነው ወይ? በስቱዲዮ ሚዛን ከተመዘነ ጥሩ አይደለም። ድምፃቸው አንዳንዴ ከፒያኖው በታች ይውላል፤ ቴፑ ይንሿሿል፤ ከመስኮቱ ውጭ የወፎች ጩኸት ይሰማል። አንድ ወዳጄ ይህ ሁሉ በኮምፒውተር ተጠርጎ ቢወጣ ኖሮ ይሻል ነበር ብሎ ተከራከረኝ። እኔ ግን አልስማማም። ዘመኑን አስቡት። በ1977 እና በ1978 በአዲስ አበባ ቀይ ሽብር ነበር፤ ብዙ ሰው ታስሯል፣ ተገድሏል፣ ተሰዷል። ዜማዎቹም የሚናገሩት ስለ አገርና ስለ ስደት፣ ርቆ ስለሄደ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ነገር አዳራሽ ሞልቶ ለተቀመጠ ሕዝብ የሚዘፍን ሰው ድምፁን ያነሣል፤ እመሆይ ግን ከአጠገባቸው ለተቀመጠ አንድ ሰው እንደሚነግሩ ሆነው ያዜማሉ። ወፎቹን ብታወጡአቸው ክፍሉ አብሮ ይወጣል፤ ክፍሉ ከወጣ ደግሞ ሴትዮዋ የት ሆነው እንዳዜሙ ማን ያውቃል?

በአሜሪካም ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1982 «ነብራስካ» የተባለውን አልበም ያወጣው ቤቱ በካሴት ከቀረጸው ነው። ለሙከራ ብሎ የቀዳውን ከባንዱ ጋር በስቱዲዮ ደግሞ ቢሞክረው አላረካውም፤ ስለዚህ ካሴቱኑ አሳተመ። እርሱ ግን ስቱዲዮ ነበረው፤ በምርጫ ተወው።

እናንተ የያዛችሁት ስልክ ከእመሆይ ቴፕ የተሻለ ይቀርጻል። (የዚህ አዳራሽ ድምፅ ማጉያ ግን ከሁለቱም ያነሰ ነው፤ ርእሰ መምህሩ ይቅር ይበሉኝ።) የስልኩ ጉድለት ሌላ ነው፤ ካሴት መሳቢያ ውስጥ ዐርባ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ የስልክ ቅጂ ግን ቦታ ሞላ ተብሎ በአንድ ማታ ይጠፋል። ሱሉልታ ያሉት አያት ከብት ሲያልቡ በኦሮምኛ የሚያንጎራጉሩትን፣ ቡራዩ ያለው አጎት በክራር የሚጫወተውን የቀረጸ ተማሪ ከመካከላችሁ እንዳለ አውቃለሁ። ስሙንና ቀኑን ጽፋችሁ፣ ሁለት ቦታ ገልብጣችሁ ለቤተ መጻሕፍታችን አስረክቡ። ክበቡ ሥራውን ከዚህ ይጀምር፤ አንድ የማኅደር ሣጥን እኔ እገዛለሁ።

አሁን የእመሆይን አንድ ዜማ እናሰማችኋለን። እባካችሁ መስኮቶቹን አትዝጉ፤ የጅማ መንገድ መኪና ቢሰማም ግድ የለም።